ሶሉ የሚያዳልጥ የልጅ ጫማ እንዴት ተስተካከለ፦ የአንድ ጥንድ ጫማ የጉዳይ ጥናት

ልጅ ሲወድቅ «ልጅ አይደል፣ ይወድቃል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይወድቃል። ይቺ ልጅ ግን የምትወድቀው አንድ ጫማ ስታደርግ ብቻ ነበር።

የእህቴ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ጫማው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከላይ በቀጭን ማሰሪያ የሚታሰር የክት ጫማ ነው። የቤቱ ወለል ሴራሚክ ነው። ስኒከሯን አድርጋ ቀኑን ሙሉ ብትሮጥ ምንም አትሆንም። በባዶ እግሯም እንደዚያው። ይህን ጫማ ስታደርግ ግን ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ትወድቃለች። ከሩጫ ለመቆም ስትሞክር ትወድቃለች። ሶሉ ረጥቦ ከኩሽና ስትወጣማ አይጣል ነው። አንድ ቀን በጀርባዋ ወድቃ የኋላ ጭንቅላቷ ወለሉን መታው። ሐኪም ዘንድ ተወስዳ ታየች፤ ደህና ናት ተባለ። እህቴ ጫማውን ልትጥለው አነሳችው። «ቆይ እስቲ አንቺ፣ መጀመሪያ ለምን እንደሚያዳልጥ እንይ» አልኳት። ጫማው አሳዝኖኝ አይደለም። ምክንያቱን ካላወቅን የሚቀጥለው ጫማም ያው ሊሆን ይችላል።

አወዳደቋ

መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ጫማው አልነበረም። «ስትወድቅ ወዴት ነው የምትወድቀው?» ነው ያልኩት። እህቴ ትንሽ አሰበችና «በጀርባዋ ነው፤ ወይ በቂጧ። በፊቷ ወድቃ አታውቅም» አለችኝ።

ይህ መልስ ብዙ ነገር ይናገራል። ስንራመድ ወለሉን ቀድሞ የሚነካው የፊተኛው እግር ተረከዝ ነው። ተረከዙ ወለሉን ካልያዘ እግሩ ወደፊት ይሄዳል፣ ሰውነት ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ ያዳለጠው ሰው በጀርባው ይወድቃል። የተደናቀፈ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እግሩ ተይዞ ሰውነቱ ስለሚቀጥል በፊቱ ይደፋል። በፊቱ የሚወድቅ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እጁን ያስቀድማል፤ የሚላጠው ጉልበቱና መዳፉ ነው። በጀርባው የሚወድቅ ልጅ ግን የሚያስቀድመው ነገር የለውም። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

በአዋቂዎች ላይ እንደታየው እግር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢንሸራተት ሰው ልብም አይለው። ከ10 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን ሚዛንን መመለስ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ግባችን ጫማው ከወለሉ እንዲጣበቅ አልነበረም። መንሸራተቱ ገና ሲጀምር እንዲቆም ነው የፈለግነው።

ጫማው ሰፍቷት ቢሆንስ? እሱንም አየን። አቁመናት በአውራ ጣት ፊቱን ጫን ስንለው ከረጅሙ ጣቷ ፊት የቀረው ቦታ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ልክ ነው። ተረከዟም ከጫማው አይወጣም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ልጅ በባዶ እግሩም የሚወድቅ ከሆነ፣ ወይም ደህና ሲሄድ ቆይቶ በድንገት መውደቅ ካበዛ ጫማ መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። ሐኪም ይየው። የእኛዋ ልጅ ግን በሌላ ጫማም በባዶ እግርም ደህና ነች። ስለዚህ ጥፋቱ የሶሉ ነው ማለት ነው።

ሶሉን ገልብጠን

ሶሉ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ትንንሽ አበባዎች አሉበት። ጠጋ ብዬ ጣቴን ሳስኬድበት ግን አበባዎቹ የወረቀት ያህል እንኳን ከፍታ የላቸውም። ጌጥ ናቸው እንጂ ወለል አይይዙም። ጥፍሬን ጫን አድርጌ ብጎትትበት ምልክት አልተወም። ስኒከሯ ላይ ያንኑ ሳደርግ ጥፍሬ ትንሽ ገባ ብሎ ተመለሰ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለስላሳ ጎማ ወለልን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ክብደት ሲያርፍበት ተጨፍልቆ ወለሉ ላይ ወዳሉ ጥቃቅን ጎርባጣዎች ይገባል። ሁለተኛ፣ በዚህ የተነሳ ወለሉን የሚነካው ቦታ ሰፊ ይሆንና በደንብ ይጣበቃል። ጠንካራ ፕላስቲክ ግን አይጨፈለቅም። ሰፊ መስሎ ቢታይም ወለሉን በእውነት የሚነካው በጥቂት ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ ነው። በመካከል ውሃ ከገባ ደግሞ እነዚያም ነጥቦች ይጠፋሉ። ጫማው በቀጭን የውሃ ንጣፍ ላይ ተንሳፈፈ ማለት ነው። የልጅ ክብደት ትንሽ መሆኑም አይረዳም፤ ውሃውን ጨፍልቆ የሚያስወጣው ጉልበት ያንሳል።

ሌላም ነገር አለ። ሶል ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው በቅርጽ ማውጫ ነው። ቀልጦ ገብቶ ሲደርቅ ቅርጽ ማውጫው ላይ እንዳይጣበቅ ሲሊኮን ወይም ሰም የመሰለ ነገር ይቀባል። ከዚያ የተረፈው አዲሱ ሶል ላይ ይቀራል። አዲስ ጫማ ከለመድነው ጫማ ይበልጥ የሚያዳልጠን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ በላይ የሶሉ የላይኛው ቆዳ ራሱ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው።

ሳንቃው ላይ የተደረገው ሙከራ

ልጅን «እስቲ ሩጪና እንይ» ብሎ መፈተን አይቻልም። ወድቃ የምናውቀው ነገር ምን ያደርግልናል? ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግን። ሰፋ ያለ ሳንቃ ላይ የተረፈ የወለል ሴራሚክ አሰርን። ጫማው ውስጥ አሸዋ የሞላ ትንሽ ከረጢት ከተትን። ጫማውን ሴራሚኩ ላይ አስቀምጠን የሳንቃውን አንድ ጫፍ ቀስ እያልን ከፍ አደረግን። የጫማው ፊት ወደ ታች ነው የዞረው፤ ተረከዝ ሲያዳልጥ እግር የሚሄደው ወደፊት ስለሆነ።

ጫማው መንሸራተት ሲጀምር ሳንቃውን እዚያው ያዝን። ከፍ ያለው ጫፍ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለካን። ከሥሩ ያለውን አግድም ርቀትም ለካን። ከፍታው ለርቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሶሉ ወለሉን ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ለምሳሌ አግድም ርቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 30 ከሆነ ቁጥሩ 0.5 ነው። አሸዋው በትክክል የልጅቷን ክብደት ማከል አልነበረበትም። ሰበቃ (ሁለት ነገሮች ሲነካኩ መንሸራተትን የሚይዘው ኃይል) ከክብደት ጋር እኩል እንደሚያድግ ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን በ1699 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ለጎማ ይህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ቢሆንም ሁለት ጫማ ለማወዳደር ይበቃል።

ቁጥሩን ከምን ጋር እናነጻጽረው? ሰው በደረቅ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ሲራመድ የሚያስፈልገው 0.2 አካባቢ ነው። መሮጥ፣ ድንገት መቆምና መታጠፍ ከዚህ በላይ ይጠይቃሉ። የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ከእነዚህ ሌላ ሥራ የላትም። በአሜሪካ ለወለል ደህንነት ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር 0.5 ነው። እኛም እሱን ያዝን።

የክት ጫማው በደረቅ ሴራሚክ ላይ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ሲደርስ ለቀቀ። ውሃ ጠብ ስናደርግበት አንድ አራተኛም አልሞላ። የሚገርመው ደግሞ አለቃቀቁ ነው፤ ጀምሮ አልቆመም፣ እስከ ታች ድረስ ወረደ። ስኒከሩ በደረቁ ከግማሽ በላይ ቆሞ ነበር። ሲለቅም ጎተት ጎተት እያለ ነው። እህቴ ይህን ስታይ «በዚህ ነው እንዴ ልጄን ሳስሮጣት የከረምኩት!» አለች።

ምን ተደረገ

በቀላሉ ጀመርን። ሶሉን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በብሩሽ አጠብነው፣ በደንብ አለቀለቅነው፣ አደረቅነው። ትንሽ ለውጥ አለው፤ በቂ ግን አይደለም። ወለሉንም በንጹህ ውሃ ደግመን ወለወልነው። ብዙ ጊዜ ወለል የሚያዳልጠው ሳይለቀለቅ በቀረ ሳሙና ነው። ይህን ሳያዩ ጫማ ላይ ብቻ መፍረድ ልክ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት አመጣን፤ ቁጥር 80። ይህ ሻካራ ነው፣ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም ሻካራው ነው። በጫማው ርዝመት ሳይሆን በአግድም ነው የፈተግነው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ጭረት ወደፊት ለሚንሸራተት እግር እንቅፋት ይሆናል። በርዝመቱ ከተፈተገ ግን ጭረቱ ራሱ መንሸራተቻ መንገድ ነው። ትኩረታችን ሁለት ቦታ ላይ ነበር፦ የተረከዙ የኋላ ጠርዝና ከጣቶቹ ሥር ያለው ሰፊ ክፍል። ብልጭታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋና ሶሉ አቧራ የነካው እስኪመስል ድረስ ቀጠልን። ብናኙን አልኮል በነካ ጨርቅ ጠረግነው።

ወደ ሳንቃው ተመለስን። በደረቁ ጥሩ ተሻሽሏል፤ ወደ ግማሽ ተጠግቷል። በእርጥቡ ግን የተለወጠ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ነገሩ ግልጽ ነው። መፈተግ የላይኛውን ቆዳ ያነሳል እንጂ ጠንካራ ፕላስቲክን ለስላሳ አያደርግም። ጥቃቅን ጭረቶቹንም ውሃ ይሞላቸዋል። እርጥብ ቦታ የማያውቅ ጫማ ቢሆን እዚህ ላይ እናቆም ነበር። ለብዙ ሰው ይህ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ ወጪውም ድካሙም ትንሽ ነው። እዚህ ቤት ግን ልጅቷ ከኩሽና ትወጣለች፣ ትገባለች።

ስለዚህ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ሰፊ ሶሉን በጥፍራቸው ነካ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ ቀጭን የጎማ ቁራጮችን አወጡ። ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ለስለስ ያለውን መረጥኩ። ሰውየው ጎማውን እስከ ጫማው የፊት ጫፍ ድረስ ሊቆርጡት ሲሉ አስቆምኳቸው።

«ጋሼ፣ ጫፉን ይተዉልኝ። ልጅቷ ስትሮጥ እግሯን ትጎትታለች፣ ያደናቅፋታል።»

ገልብጠው አዩት። «ልክ ነህ ልጄ። እንደውም ጠርዙን ሰያፍ አድርጌ እሞርደዋለሁ፤ ያኔ ምንም አይዘውም» አሉኝ።

ይህ ነጥብ በጣም ይታለፋል። ሰው «የሚይዝ ጫማ» ሲል በሁሉም ቦታ አጥብቆ የሚይዝ ይመስለዋል። እግራችን ወደፊት ሲወረወር የጫማችን ጫፍ ከወለሉ በላይ የሚያልፈው በትንሽ ርቀት ነው፤ በአዋቂ እንኳን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ልጅ ደግሞ ሲደክመው ይጎትተዋል። ጫፉ ላይ የሚይዝ ጎማ ከተለጠፈ ወለሉን ነክቶ ሲያልፍ ይቆማል፣ ልጁም በፊቱ ይደፋል። ማዳለጥን በማደናቀፍ መለወጥ ሥራ አይደለም። ተረከዙ ይያዝ፣ ከጣት ሥር ያለው ይያዝ፣ ጫፉ ልሙጥ ሆኖ ይቅር።

የተረከዙና የፊቱ ጎማ ውፍረት እኩል ነው። ሁለቱም እግር ላይም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ቢወፍር ቁርጭምጭሚቷ ያዘነብላል።

ስለ ሙጫው የሰፊው እውቀት ጠቅሞናል። ይህ ሶል ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ እንዲተጣጠፍ የሚጨመርበት ማለስለሻ ቀስ በቀስ ወደ ተራው ማስቲሽ እየገባ ሙጫውን ያላላዋል። ዛሬ ጥብቅ ያለው ጎማ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠርዙ ይነሳል። ለእንዲህ ያለው ፖሊዩሬቴን ሙጫ ይሻላል። ሁለቱም ገጾች ተፈተጉ፣ ተጠረጉ፣ ሁለቱም በስሱ ተቀቡ። ወዲያው አልተጋጠሙም። ሙጫው ጣት ሲነካው መጣበቁን እስኪያቆም ተጠበቀ፤ ከዚያ ተጋጥመው በመዶሻ ተቀጠቀጡ። ጫማው እስከ ማግስቱ አልተነካም። ይህን ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው መስኮት ይክፈት፣ ልጆችንም ያርቅ፤ የሙጫው ሽታ ለማንም ጥሩ አይደለም።

የቀረው ውሃው ነው። ለስላሳ ጎማም ቢሆን ልሙጥ ከሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። እዚህ ላይ ፖል ስፔሪ የተባለ ጀልባ ወዳድ አሜሪካዊ ያደረገውን አደረግን። እሱ እርጥብ ጀልባ ላይ መንሸራተት አማሮት ሳለ ውሻው በረዶ ላይ ሳይወድቅ ሲሮጥ ያያል። የውሻው መዳፍ ሥር ጥቃቅን ስንጥቆች ነበሩ። እንደዚያው የጎማ ሶል ላይ ሞገድ የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አወጣ፤ ከዚያ የመጣው የጀልባ ጫማ በ1935 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። እያንዳንዱ ስንጥቅ እግር ሲያርፍ ይከፈትና ጠርዙ ውሃውን ይጠርጋል። እኛም ጎማው ላይ በከተር አግድም ስንጥቆች አወጣን፤ ከውፍረቱ ግማሽ አላለፍንም። ጠልቆ ከተቆረጠ ጎማው ይቀደዳል።

በዚህ ሁኔታ ሳንቃው ላይ ሲሞከር በእርጥቡም ከስኒከሩ ጋር ተቀራረበ። በደረቁ ደግሞ ግማሹን አለፈ። የመጨረሻው ሙከራ በሳሙና ውሃ ነበር። የጫማ ላቦራቶሪዎችም በአይ ኤስ ኦ 13287 (ጫማ ምን ያህል እንደሚያዳልጥ በሚለካበት ዓለም አቀፍ መስፈርት) ሲፈትሹ ሴራሚክ ላይ የሳሙናነት ያለው ውሃ ያፈሳሉ። የእኛ ጫማ እዚያ ላይ አሁንም ቶሎ ለቀቀ። ስኒከሩም እንደዚያው። ስለዚህ ወለል እየታጠበ ባለበት ሰዓት ልጅቷ ወደዚያ አትሄድም። የዚህ መፍትሔ ሶል አይደለም፣ በር መዝጋት ነው።

ያልተጠቀምንባቸው

እህቴ አሸዋ ያለበት ሻካራ ተለጣፊ አምጥታ ነበር፤ ለደረጃ የሚለጠፈው ዓይነት። በጣም ይይዛል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ልጅ ስትዞር ጫማው አብሮ መዞር አለበት፤ እግር ተይዞ ሰውነት ከዞረ ጉልበት ይጎዳል። ወለልም ይቧጭራል፣ ጠርዙም ቶሎ ይነሳል። ትኩስ ሙጫ ጠብ ጠብ ማድረግም የተለመደ ነው። ሲደርቅ ግን ጠንካራ ጠብታ ይሆናል፤ በጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ሌላ ጠንካራ ፕላስቲክ መጨመር ነው። የፀጉር ስፕሬይ መንፋትም የሚመክሩ አሉ። ለጥቂት እርምጃ ይጣበቅ ይሆናል፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል። ለልጅ የማይታመን ነገር ነው።

ታናሽ ወንድሟ ገና መሄድ መጀመሩ ነው። እህቴ «ለእሱም እንለጥፍለት?» ብላኝ ነበር። አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ሕፃን ተረከዙን አስቀድሞ አያሳርፍም፤ ሙሉ እግሩን ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚጥለው። ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው ባዶ እግር ነው። ልሙጥ ካልሲ ግን ሴራሚክ ላይ ከመጥፎው ጫማም ይብሳል። ብርድ ካለ ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለው ካልሲ ይደረግለት።

ከዚያ በኋላ

ልጅቷ ጫማውን ማድረግ ቀጠለች። መታጠፊያው ላይ መውደቋ ቆመ። መደናቀፍም አልመጣም፤ እሱን ነበር በጣም የምንከታተለው። ልጅቷ ጫማውን ከማድረጓ በፊት እህቴ ሶሉን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ልማድ አድርጋዋለች። አቧራ የለበሰ ጎማ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን አይይዝምና። ጠርዙ መነሳት አለመነሳቱንም በዚያው ታያለች። በጣት የሚነሳ ጠርዝ ካለ ጫማው እስኪለጠፍ ድረስ አይደረግም።

ጎማው ያለቀው እንደተጠበቀው ከተረከዙ የውጪ ጥግ ጀምሮ ነው፤ ብዙ ሰው ወለሉን ቀድሞ የሚነካው በዚያ ጥግ ነው። ስንጥቆቹ እዚያ ጋ ጠፍተው ልሙጥ ሆነ። ያን ጊዜ ግን የልጅቷ እግር አድጎ ጫማው ጠቧት ነበር። ለሌላ ልጅ ልንሰጠው ስናስብ መጀመሪያ የተረከዙን ጎማ አስቀየርን። በአንድ ጎን ያለቀ ተረከዝ የቀድሞዋን ልጅ አካሄድ የያዘ ነው፤ አዲሱ ልጅ ሲያደርገው ገና ከጅምሩ ያዘነብላል። አሮጌው ጎማ የተላጠው በብዙ ትግል ነው፤ ሙጫው አልላላም ነበር።